የላጤዎች ከረጢት

በጥር ወር 1979 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሰው ተጠቅጥቆ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ዘርፌ በሁለት የሒሳብ ክፍል ሰዎች ትከሻ መሀል አንገቷን አስግጋ አነበበች። አምስት ፍሪጅ መጥቷል። አሥራ አንድ ቡታጋዝ፣ ሠላሳ ብርድ ልብስ፣ ስድስት የስፖንጅ ፍራሽም አለ። ይህ ሁሉ ለባለትዳር ሠራተኞች በዕጣ ይታደላል። ከታች፣ በደከመ የታይፕ ቀለም፣ «ላጤ ሠራተኞችን በተመለከተ» የሚል መስመር ተጨምሯል፤ ሃያ ጃንጥላ፣ አርባ ጥንድ ካልሲ፣ አሥራ ስምንት ጠርሙስ ሽቶ።

ደሟ ፈላ። የማንስ ደም አይፈላም?

በዚያ መሥሪያ ቤት ዕቃ በመጣ ቁጥር ሁለት ከረጢት ወደ አዳራሽ ይወጣል። አንዱ የባለትዳሮች ነው፤ ሌላው የላጤዎች። ሠራተኛው በስሙ እየተጠራ፣ ሕዝብ እያየው፣ እጁን እስከ ክርኑ ከቶ አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት ያወጣል። ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን ዕቃ ከፍሎ መውሰድ ነው። ባዶ ከወጣችለትም «ለከርሞ ያድርሰን» ብሎ መቀመጥ ነው። ደንቡን ያወጣው የሠራተኛ ማኅበሩ ሲሆን «ቤት ለመሠረተ የቤት ዕቃ፣ ቤት ላልመሠረተ የግል ዕቃ» ይላል። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ዕቃ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ቢሆን ማን ግድ ይሰጠው ነበር? በዚያ ዘመን ግን ፍሪጅ ከሱቅ ገብተው የሚገዙት ነገር አልነበረም። ወይ ዕጣ ይወጣልሃል፣ ወይ በኮንትሮባንድ የገባውን ሾላ ገበያ ጓሮ ለጓሮ በሦስት እጥፍ ትገዛለህ፣ ወይ ትተወዋለህ። የዘርፌ ደመወዝ የሚበቃው ለመተው ብቻ ነው።

በስምንት ዓመት አገልግሎቷ ከላጤዎች ከረጢት ሦስት ጃንጥላ አውጥታለች። ሁለት ጊዜ የወንድ ካልሲ ደርሷት ለሰው ሰጥታለች። አንድ ጊዜማ የጢም መላጫ ብሩሽ ወጣላትና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች፤ ከፍላም ወሰደችው። ምን ታድርግ?

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ከረጢቱ አስከፍቷት አያውቅም። በ1971፣ በሃያ ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ዓይኗ ጫማ እንጂ ሌላ አያይም ነበር። ፒያሳ መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ባለ ረጅም ታኮ ቀይ ጫማ ነበር። ሥራ ሳትይዝ ጀምሮ እየሄደች ስታየው ከርማለች። ብሩን እንደያዘች ከአውቶቡስ ወርዳ በሩጫ ገዛችው። ያን ወር ምሳዋ ቆሎ ነበር፤ ግን ቦሌ መንገድ ላይ ስትራመድ አስፋልቱ የሷ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ። አራት ሆነው ተዋጥተው አንድ ቴፕ ገዙና በየሳምንቱ በተራ ቤታቸው ያሳድሩት ጀመር። ከዚያ ፀጉር ማስተኮስ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሰልባጅ ተራ ተፈልጎ የሚገኝ ጂንስ። ሁሉም በጊዜው ደስ አሰኝቷታል፣ ማንም በዚህ አይቆጣት። ሰው ሲያድግ ግን ብሩም አብሮት ያድጋል። በሃያ ዓመቱ እግርና ጆሮ ላይ የሚያርፈው ገንዘብ ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ቀስ እያለ ወደ ቤት ይገባል፤ የተሰነጠቀውን ወለል ያያል፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ያያል፣ እናትን ያያል። ዘርፌ ለራሷ አዲስ ጫማ ከገዛች ሁለት ዓመት አልፏታል። እሷ አደገች፤ ከረጢቱ ግን አላደገም።

ፍሪጅ የፈለገችው ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ አምሯት አይደለም። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ አንዲት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ወይዘሮ ገንዘቤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚወጉት ኢንሱሊን ብርድ ካላገኘ ይበላሻል። አንድ በጋ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ሊያቆዩት ሞክረው ነበር። መድኃኒቱ ተበላሸ፤ ወይዘሮ ገንዘቤ ደጃፍ ላይ ወድቀው አራት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ከዚያ ወዲህ ብልቃጧ የምታድረው አጥሩ ማዶ ካለው ቪላ፣ ከወይዘሮ ኣብርሀት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ኣብርሀት ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም። እንዲያውም መቀመጫ አምጥታ፣ «አይዞዎት እማማ፣ የራስዎ ቤት ነው» ትላለች። ወይዘሮ ገንዘቤ ግን ኩሩ ሴት ናቸው። በየማለዳው ነጠላቸውን አጣፍተው በሰው በር ላይ መቆም፣ በየማለዳው «ይቅርታ» ማለት ከመርፌው ይልቅ ይወጋቸዋል። አሁን ደግሞ የኣብርሀት ባል ወደ አሰብ ተዛውሮ፣ የካቲት ሳይጋመስ ቤተሰቡ ሊሄድ ነው። ፍሪጁም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ዘርፌ ያን ዕለት ማመልከቻ ጻፈች። «እናቴን የማስተዳድር የቤተሰብ ኃላፊ በመሆኔ፣ ስሜ ከባለትዳሮቹ ጋር እንዲገባልኝ» አለች። የሐኪሙን ወረቀት አያይዛ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለጓድ እሸቴ በእጁ ሰጠችው። እሸቴ ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ፣ ካኪ ኮትና ሱሪውን በየቀኑ ካውያ የሚያስነካ፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ከመጡት ሦስት ቡታጋዞች አንዱ ለእሱ መውጣቱን ሁሉም ያውቃል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «በውይይት ክበብ መልስ ታገኛለሽ» አላት።

የውይይት ክበብ የሚባለው ሠራተኛው በየሳምንቱ አዳራሽ ተሰብስቦ ፖለቲካ የሚማርበት ሰዓት ነው። በዚያ ሳምንት እሸቴ ጽሑፍ አቀረበ። ርዕሱ «የወጣት ሠራተኞች የፍጆታ ዝንባሌ» ይላል። ዘርፌ ርዕሱን ስትሰማ መጠይቁ ትዝ አላት። ከወር በፊት ከሠላሳ ዓመት በታች ለሆኑ ሠራተኞች «በደመወዛችሁ ምን ምን ገዛችሁ?» የሚል መጠይቅ ታድሎ ነበር። ሌላው ሠራተኛ «ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ» ብሎ ጽፎ ሲገላገል፣ እሷ ሞኟ ከቀዩ ጫማ ጀምራ አንድ በአንድ ዘርዝራ ሞልታለች። ለጥናት ነው ሲሏት አምና!

«ወጣቱ ሠራተኛ» አለ እሸቴ አንደኛ ጣቱን እያነሳ፣ «ከደመወዙ የሚተርፈውን በጫማና በልብስ ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ በካሴትና በሽቶ ይጨርሳል። ሦስተኛ፣ ለቤት ዕቃ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ይህ የከበርቴ ዝንባሌ ነው፣ ጓዶች። በስም ለመጥቀስ፣ ጓድ ዘርፌ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀይ ጫማ! በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ድስት እንኳ አልተመዘገበላትም። አሁን ደግሞ ፍሪጅ ይገባኛል ብላ አመልክታለች። ጓድ ዘርፌ፣ ተነሽና ግለሂስሽን አድርጊ።»

ግለሂስ ማለት በሰው ፊት ቆሞ ራስን መውቀስ ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተነስተህ «ጥፋተኛ ነኝ፣ አርማለሁ» ትልና ትቀመጣለህ፤ ነገሩ ያልቃል። ሁለት መቶ ሰው ዞሮ ዓይኑን ዘርፌ ላይ ጣለ። ዘርፌም ልትለው ነበር። «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ እናቷ በሰው በር ላይ ነጠላቸውን ይዘው ቆመው ታዩዋት።

«እሺ፣ ግለሂሴን ላድርግ» አለች ተነስታ። «ጥፋቴ ብዙ ነው። በሃያ ዓመቴ ጫማ ገዛሁ፤ እግር ስለነበረኝ ነው። ካሴት ገዛሁ፤ ጆሮ ስለነበረኝ ነው። ድስት አልገዛህም የተባለ ወንድ እስካሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አልሰማሁም፤ እሱ ይቅር። ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ፍሪጅ ያልገዛሁት ስላልፈለግሁ ነው ያሉት ከየት አምጥተው ነው? ከረጢታችሁ ውስጥ መቼ አስገባችሁልኝና? ስምንት ዓመት ሙሉ ጃንጥላ ስትሰጡኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ ተነስታችሁ ዝናብ ትወጃለሽ ትሉኛላችሁ?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ዝም አለ፤ በዚያ ዘመን ሳቅ ረዘም ሲል ያስፈራ ነበር። እሸቴ ፊቱ ደም መሰለ። ቢሆንም ቃል የሚያጣ ሰው አልነበረም።

«ከረጢቱ ለማንም አልተዘጋም» አለ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ቤት መሥርቺ፤ ባል አግቢ፤ ከዚያ እጅሽን ትከቻለሽ።»

ዘርፌ ከአዳራሹ ወጣች። ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ይበልጣል። ሰውን ስምንት ዓመት ሽቶ ገዝቶ እንዲኖር አድርገህ፣ ከዚያ ሽቶ ሸተትክ ብለህ ትከሰዋለህ? ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋን ስትጠርግ ገብረየስ ከጎኗ መጥቶ ተቀመጠ።

ገብረየስ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ የአራዳ ልጅ ነው፤ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ የቆዳ ጃኬት በሙቀትም በብርድም አያወልቅም። እሱም እንደሷ የላጤ ከረጢት ሰለባ ነው፤ ካልሲ ብቻ እየወጣለት «መሥሪያ ቤቱ እግር ብቻ ነው ያለኝ መሰለው» እያለ ያስቃቸዋል።

«ዘርፍዬ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «ባል ነው የጠፋው? እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ።»

«ተወኝ ባክህ፣ ለቀልድ አልተመቸሁም።»

«የምሬን ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርማለን። ሁለት ምስክር ነው የሚፈልገው፤ ሻይ ከጋበዝኳቸው ፍሬንዶቼ ይመጣሉ። ወረቀቱን ለማኅበሩ እናመጣለን። ዕጣ ከወጣልን ወጣ፤ ካልወጣም ምን እንጎዳለን? ከዚያ ቀስ ብለን እንፋታለን። ማን ያውቃል?»

«ፍሪጁ ከወጣ ለእናቴ ነው» አለችው። «ሰማኸኝ? ለመድኃኒቷ ነው። ዋጋውንም እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«ምን ችግር አለው» አለ ገብረየስ። ይህችን «ምን ችግር አለው» ነው እንግዲህ ዘርፌ ውል አድርጋ የያዘቻት። አንቺ ልጅ፣ ስንት ሰው በዚህች ቃል ገደል እንደገባ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?

ዓርብ ከሰዓት ፈረሙ። ዘርፌ ሥራ ላይ የምትለብሰውን ሹራብ እንደለበሰች ነበር። ሹሙ የጋብቻውን ውል አንብቦ ሲጨርስ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አላቸው፤ ገብረየስ ጥርሱን ነክሶ ሳቁን ያዘ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከሕፃንነቷ ጀምራ እናቷ «የልጄን ቁርባን ሳላይ አልሞትም» እያሉ ሲመኙላት ኖረዋል። ይህ ቁርባን አይደለም፣ ፊርማ ነው፣ ብላ ራሷን አጽናናች። ለእናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ለማኅበሩ አስገቡ። እሸቴ ይቆጣል ብለው ፈርተው ነበር። ኧረ እሱ እቴ! ፊቱ በራ። በቀጣዩ ስብሰባ መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለቱንም አስነሳና አስጨበጨበላቸው። «ይኸውላችሁ ጓዶች፣ የሂስና የግለሂስ ፍሬ! ትናንት በጫማ የምትታማ ወጣት ዛሬ ቤት መሥርታለች» አለ። ዘርፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ለዚያ ሁሉ ስድብ ጭብጨባ ተጨመረበት።

የዕጣው ቀን ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ በር ላይ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ቆሟል፤ ሹፌሩ ኦላና ዕቃ የደረሳቸውን ሰዎች እየጫነ በየቤታቸው ያደርሳል። ባለትዳሮች አንድ በአንድ ተጠሩ። ብርድ ልብስ ወጣ፣ ባዶ ወጣ፣ ባዶ ወጣ፣ ቡታጋዝ ወጣ። ከአምስቱ ፍሪጆች አራቱ አለቁ። «ገብረየስና ዘርፌ» ተባለ። ገብረየስ «አንቺ አውጪው፣ የኔ እጅ ካልሲ ነው የለመደው» ብሎ ገፋ አደረጋት። ዘርፌ እጇን ከተተች። ዓይኗን ጨፍና የእናቷን የክርስትና ስም ጠራች። ወረቀቷን ዘርግታ ስታያት ፊደሎቹ መጀመሪያ አልተነበቡላትም። ከዚያ ጮኸች። የጮኸችው ጩኸት ውጭ ድረስ ተሰማ፤ ኦላና ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ ገባ።

ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ ሄዳ ለሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ብር ሙልጭ አድርጋ ከፈለች። ደረሰኙን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ «ባለቤትሽን ጥሪልኝ» አላት።

«ለምን? እኔ ነኝ ያወጣሁት። የከፈልኩትም እኔ ነኝ።»

«ከረጢቱ የቤተሰብ ነው፣ የኔ እህት። ዕቃው የሚወጣው በቤተሰብ ኃላፊ ስም ነው። ቅጹም እንዲህ ነው የሚለው።»

ዘርፌ ቅጹን አየችው። እውነትም ይላል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምን ቀራት፣ እናቷን ስታኖር ስምንት ዓመት ሆናት፤ «የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» ብላ ብትጽፍ ማመልከቻዋ እሸቴ ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከአንድ ሳምንት በፊት የፈረመ ሰው ግን በሳምንቱ የቤተሰብ ኃላፊ ሆነ! ገብረየስ እያፏጨ መጥቶ ፈረመና ደረሰኙን አጥፎ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ አስገባው። ፍሪጁ በአራት ሰው ሸክም ፒክአፑ ላይ ወጣ፤ ካርቶኑ ገና አልተቀደደም።

«ወዴት ልንዳ?» አለ ኦላና።

«ሃያ ሁለት ማዞሪያ» አለች ዘርፌ።

«ሾላ» አለ ገብረየስ በተመሳሳይ ሰዓት።

ዘርፌ ዞራ አየችው። ገብረየስ ፊቷን ላለማየት ደረሰኙን የከተተበትን ኪስ ዳበሰ።

«ስሚኝ ዘርፍዬ፣ ፋራ አትሁኚ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሾላ አንድ ነጋዴ አለ፣ አሁኑኑ ሦስት እጥፍ ይሰጠናል። አናግሬዋለሁ። ያንቺን ብር አንድም ሳይጎድል እመልስልሻለሁ፣ ትርፉን እኩል እንካፈላለን። እኔ የቪዲዮ ዴክ እገዛለሁ፣ ስንት ዓመት ነው የተመኘሁት፤ አንቺም ያማረሽን ትገዣለሽ።»

«ምን ችግር አለው አላልከኝም? ለእናቴ ነው አላልኩህም?»

«ብልቃጧ የሆነ ሰው ቤት ታድራለቻ። እስከዛሬ የት ስታድር ነበር?»

ይህን ባይናገር ምን ነበረበት! ዘርፌ የሚቀጥለውን ነገር አላሰበችበትም። ወደ አዳራሹ በር ተመልሳ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ የደረሳቸውን ሰዎች የሚጨብጠው እሸቴ ፊት ቆመች። መቶ የሚሆን ሠራተኛ ገና አልተበተነም።

«ጓድ ሊቀመንበር!» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ደንቡ ቤት ለመሠረተ የቤት ዕቃ ነው የሚለው። ይህ ፍሪጅ የሚሄደው ወደ ቤት ነው ወይስ ወደ ገበያ?»

እሸቴ ወጥመዱን አላየውም። «ምን ማለትሽ ነው? ወደ ቤት ነው እንጂ! ሽያጭ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

«ጥሩ። የቤተሰብ ኃላፊ ደግሞ የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው አይደል? ቤታችን ሃያ ሁለት ማዞሪያ ነው፤ እናቴም እዚያው ናት። ባለቤቴ ግን ወደ ሾላ ንዳ እያለ ነው። እርስዎ መድረክ ላይ አስጨብጭበው የዳሩን ሰው ነዎት፣ ይዳኙን።»

ሠራተኛው ተንጫጫ። «ወደ ቤት ነው!» አለች አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ከመሀል። «ወደ ቤት! ወደ ቤት!» አሉ ላጤዎቹ፣ በብብታቸው ጃንጥላ እንደያዙ። እሸቴ ወደ ገብረየስ አየ፣ ወደ ዘርፌ አየ። ነገሩ ገባው። ጋብቻው ፊርማ ብቻ መሆኑ ወለል ብሎ ታየው። ግን ምን ይበል? የሂስና የግለሂስ ፍሬ ብሎ ያስጨበጨበለትን ትዳር የውሸት ነው ሊል ነው? አንገቱን በኮሌታው ውስጥ አሻሸና «ጓድ ገብረየስ፣ ዕቃው ወደ ቤታችሁ ይሄዳል። አንተም አብረህ ትሄዳለህ፣ ማድረስህንም ሰኞ ታስፈርማለህ» አለ።

ኦላና ሞተሩን አስነሳ። ዘርፌ ጋቢና አልገባችም። ከኋላ ወጥታ ፍሪጁን በሁለት እጇ አቅፋ ቆመች። ገብረየስ እያቅማማ ወጣና ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ቦሌ መንገድን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ መንገደኛው ቆሞ ያያቸው ነበር፤ አንዳንዱም እጁን ያውለበልብላቸዋል። ሙሽራ መስለውት ይሆናል።

«ደስ አለሽ አሁን?» አላት ገብረየስ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። «እኔን በሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ። እኔስ ስምንት ዓመት ካልሲ ስለብስ ኖሬ፣ አንድ ነገር ቢያምረኝ ወንጀል ነው? እሺ፣ ዛሬ ውሰጂው። ስንፋታ ግን የትዳር ንብረት ነው፤ ሸንጎው ለሁለት ያካፍለናል። ደረሰኙም በእኔ ስም ነው።»

«ከሆነ አልፈታህም» አለችው።

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ንፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ይበትነዋል። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ ሽማግሌ ልላክ የሚል ቢገኝ፣ ምን ልትለው ነው? ባል አለኝ ልትል ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የሷው ጭራሽ ጅቡ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ እያሰበች ካርቶኑን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች። እውነት ለመናገር፣ ተመልሳ ብትመርጥ ያንኑ ነበር የምትመርጠው፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

ፒክአፑ ሰፈር ሲገባ ልጆች ተከትለው ሮጡ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ኣብርሀትም ከቪላዋ በር ብቅ አለች። ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ ከአዲስ ፍሪጅ ጋር ከመኪና ሲወርድ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ኦላና ደግሞ አፉ አያርፍ፣ ለቅን ነገር መስሎት፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! አማችዎን ከነዕቃው አምጥተናል!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት እልልታውን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ።

ወይዘሮ ገንዘቤ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ሰው ሁሉ እልል ሲል ማን ፈገግ አይልም? ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ። ከዚያ ገብረየስን አዩት።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት።

«ገብረየስ እባላለሁ፣ እማማ።»

«ስምህን አልጠየቅኩህም። ዘመዶችህ የታሉ? ሽማግሌ የታል? ማን ላከህ?»

ገብረየስ አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ አራዳነቱ የት እንደገባ እንጃ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው።

«ዘርፌ» አሉ ወይዘሮ ገንዘቤ፣ «አግብተሻል?»

«ፊርማ ነው እማዬ። ወረቀት ብቻ ነው። ላጤ ፍሪጅ አይደርሰውም አሉኝ። ኣብርሀት ልትሄድ ነው፤ መድኃኒትሽን የት እናሳድረው? ሌላ መንገድ አጣሁ።»

እልልታው አልቆመም ነበር። ወይዘሮ ገንዘቤ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። መንደሩ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«እልልታችሁን መልሱ!» አሉ። «ምኑ ነው እልል የሚያሰኘው? ለአንዲት ብልቃጥ ማደሪያ አንድ ልጄን ዳርኳት በሉኛ!»

ዘርፌም፣ በሊቀመንበሩ ፊት በሁለት መቶ ሰው መሀል ቃል ያላጣችው ዘርፌ፣ ፍሪጁን ተደግፋ እንደቆመች ቀረች።